ማግኔቱን በእጥፍ ሳርቀው ጉልበቱ ሩብ መሆን አልነበረበትም?

የሳምሪ አባት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ሳምሪ 10ኛ ክፍል ናት። ርቀት የማግኔትንና የመሬት ስበትን ጉልበት እንዴት እንደሚቀይር አሳዩ የሚል የፊዚክስ ፕሮጀክት ተሰጥቷት መጣች። እኔም ድሮ የሸመደድኩት ትዝ አለኝና ደረቴን ነፍቼ "ይሄማ ቀላል ነው። ሁለቱም ኢንቨርስ ስኩዌር ናቸው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ይሆናል" አልኳት።

"እንሞክረው" አለች። ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ያደረግነው እንዲህ ነው። 12 ትናንሽ ክብ ማግኔቶች አሉን፤ ብር የሚመስሉት ኒዮዲሚየም የሚባሉት። ስፋታቸው 10 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 5 ሚሊ ሜትር ነው። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ የፕላስቲክ ኩባያ ደፋን። ሚዛኑ ውስጥ ብረት ስላለ ማግኔቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ይህ የሳምሪ ሐሳብ ነው። የኩባያው ቂጥ ላይ አንዱን ማግኔት በፕላስተር ጥርቅም አድርገን ለጠፍነውና ሚዛኑን ዜሮ አደረግን። ሌላውን የእንጨት ማስመሪያ ሆድ ላይ ለጥፈን፣ ማስመሪያውን በሁለት የመጽሐፍ ቁልል ላይ አጋደምነው። አንድ ዓይነት ዋልታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ይገፋፋሉ። የታችኛው ሲገፋ ሚዛኑ ዕቃ የተጫነበት ይመስለዋል። ርቀቱን የለካነው ከአንዱ ማግኔት መሐል እስከ ሌላው መሐል ነው።

በ2 ሴንቲ ሜትር 50 ግራም
በ3 ሴንቲ ሜትር 10 ግራም
በ4 ሴንቲ ሜትር 3 ግራም

የ50 ሩብ 12 ተኩል ነው። 3 ከየት መጣ? ሦስቴ ደገምነው፣ ያው ነው። ሳምሪ "አባዬ፣ የተሳሳተው ሕጉ ነው ወይስ አንተ?" አለችኝ። የምታውቁ አድኑኝ።

ዝናቡ

ሚዛኑ ነዋ። እነዚያ ርካሽ ሚዛኖች እንኳን ማግኔት ቡናም በቅጡ አይመዝኑም። ሌላ ሚዛን ተበደርና ሞክር።

ካቻቢቴ

ዝናቡ፣ እኔ አይመስለኝም። ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው፣ ዲሽም እሰቅላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከማግኔት ጋር ነው የምውለው። ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት አለኝ፤ የወደቀ ብሎን የምለቅመው በሱ ነው። አንድ ጣት ርቀት ላይ ስትይዘው ብሎኑ ምንም አይለውም። ትንሽ ታወርደዋለህ፣ አሁንም ዝም። አንዲት ፀጉር ስታክልበት ግን "ጧ!" ብሎ ይዘላል። ሩብ፣ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ የለም፣ ወይ አለ። እንደ መሬት ስበት ቀስ እያለ የሚቀንስ ነገር እንዳልሆነ እጄ ያውቀዋል። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

በነገራችን ላይ እነዚያ ትናንሾቹ ማግኔቶች ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ። ልጅ ሁለት ከዋጠ አንጀት ውስጥ ተፈላልገው ይጣበቃሉ፤ አንጀቱን መሐላቸው ቆንጥጠው ይበሱታል። ቀልድ አይደለም።

መምህር በጡረታ

የሳምሪ አባት፣ ሚዛንህ ደህና ነው። እስቲ 50ን ለ16 አካፍል። 3.1 ይመጣል። ሚዛኑ የነገረህ 3 ነው። ከኩሽና ሚዛን ከዚህ በላይ ምን ትጠብቃለህ? በ3 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ያራቅከው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 1.5ን አራት ቦታ ጽፈህ አባዛው፤ ከ5 ትንሽ ይበልጣል። 50 ለ5፣ 10። ልክክ!

ስለዚህ ልጅህ ያገኘችው ትክክለኛውን ነገር ነው። ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ሲራራቁ በርቀቱ ካሬ አይደለም የሚደክሙት። ርቀቱን አራት ጊዜ በራሱ አባዝተህ ነው የምታካፍለው። እጥፍ ስታርቃቸው አንድ አሥራ ስድስተኛ ይቀራል።

አንተም ግን ከሜዳ አላመጣኸውም። እንግሊዛዊው ጆን ሚቼል በ1750 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ፈረንሳዊው ኩሎም ደግሞ በ1785 የማግኔት ዋልታ ሌላውን ዋልታ የሚስበው ወይም የሚገፋው በርቀቱ ካሬ እንደሆነ አሳይተዋል። ልክ እንደ ስበት። ልብ በል፣ ዋልታ ነው ያልኩት። ማግኔት አላልኩም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋልታ ብቻውን አይገኝም። ማግኔትን ለሁለት ብትሰብረው ሰሜንና ደቡብ ተለያይተው አይወጡልህም፤ እያንዳንዱ ስባሪ የራሱን ሰሜንና ደቡብ ይዞ ይመጣል። እስከ ዛሬ ነጠላ ዋልታ ያገኘ የለም። ስለዚህ ማግኔት ሲጠራህ ሁለት ሰው ነው የሚጠራህ። አንዱ "ና!" ይላል፣ አጠገቡ የቆመው "ሂድ!" ይላል። ቅርብ ስትሆን ወደ አንተ ጠጋ ያለው ድምፁ ስለሚጎላ የሱን ትሰማለህ። ስትርቅ ግን የሁለቱም ርቀት ከአንተ ሲታይ እኩል እየሆነ ይሄዳል። "ና"ው እና "ሂድ"ው ይጣፋሉ። የሚተርፍልህ ልዩነታቸው ብቻ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። ቅርቡ ዋልታ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ሩቁ 11 ላይ ነው እንበል። ቅርቡ 1 ለ100፣ ማለትም 0.0100 ይስባል። ሩቁ 1 ለ121፣ ማለትም 0.0083 ይገፋል። ትርፉ 0.0017 ነው። አሁን በእጥፍ አርቀው። 1 ለ400 ሲቀነስ 1 ለ441። ትርፉ 0.00023 ነው። ስንተኛ ሆነ? ወደ ስምንተኛ ተጠግቷል። በጣም ስትርቅ ደግሞ እቅጩን ስምንተኛ ይሆናል። እያንዳንዱ ዋልታ የካሬውን ሕግ አክብሯል፤ ጥንዱ ግን በኩብ (ርቀቱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝተህ) ነው የወረደው።

ይህ የማግኔቱን ጉልበት የሚቀበለው ነጠላ ዋልታ ቢሆን ነው። ተቀባዩም ማግኔት ነው፤ እሱም ጥንድ ነው። በድጋሚ ይቀናነሳል። ስምንተኛው አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። የሳምሪ 3 ግራም የመጣው ከዚያ ነው።

ካቻቢቴ

መምህር፣ እጅዎ ይባረክ። የኔ ብሎን ግን ማግኔት አይደለም። ተራ ብረት ነው። "ሂድ" የሚለው ዋልታ ከየት መጣ?

መምህር በጡረታ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። ብሎኑ ማግኔት የሚሆነው ማግኔቱ ሲቀርበው ነው። ሲርቀው ማግኔትነቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሁለት በኩል ነው የሚከስረው፤ መሳቢያውም ይደክማል፣ ተሳቢውም ማግኔት መሆኑን ያቆማል። ትንሽ ብረት ከትንሽ ማግኔት ራቅ ሲል ጉልበቱ በርቀቱ ሰባተኛ ርቢ (ርቀቱን ሰባት ጊዜ በራሱ አባዝተህ) ነው የሚወርደው። እጥፍ ስታርቀው 1 ለ128! "ወይ የለም፣ ወይ አለ" ያልከው ለዚህ ነው።

ሄለን

የፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፉት ስስ የጎማ ማግኔቶች ደግሞ ከዚህም የባሱ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ እያለ በስስ በስሱ ተሰምሯል፤ እንደ ነጠላ ጥለት በሉት። ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ገጥማችሁ ብትጎትቷቸው ግር ግር እያሉ ሲነጥሩ ይሰማችኋል። ሰሜኑና ደቡቡ በጣም ስለተጠጋጉ ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ስትርቁ ተጣፍተው ያልቃሉ። ለዚህ ነው አንድ ወረቀት ይዘው አምስተኛው ላይ ሁሉንም ይዘው የሚወድቁት።

የሳምሪ አባት

ወይ ጉድ! ሳምሪ አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። "ሕጉም ልክ ነው፣ አንተም ትንሽ ልክ ነህ" ብላኛለች። ምሕረት ተደረገልኝ። ግን አንድ ጥያቄ አላት። የመሬት ስበት ለምን አይጣፋም?

ሄለን

ሳምሪዬ፣ ስበት ውስጥ "ሂድ" የሚል የለማ። ክብደት ያለው ነገር ሁሉ "ና" ብቻ ነው የሚያውቀው። ድንጋዩም፣ ውኃውም፣ አባትሽም። ሁሉም ይደማመራል እንጂ አይቀናነስም። ስለዚህ የመሬት ስበት እስከ ጨረቃና ከዚያም በላይ ካሬውን ጠብቆ ይሄዳል።

ግን እኮ ስበት በጣም ደካማ ነገር ነው። ለፕሮጀክትሽ ይህን ስሌት ልስጥሽ። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ የሚሳሳቡበት ጉልበት ወደ 0.03 ሚሊ ግራም ክብደት ብቻ ነው። ይህ ስንት ነው? አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ወደ 3,000 ፍሬ አለ። አንዲቷን የጤፍ ፍሬ ለአሥር ከፋፍለሽ አንዷን ቁራጭ መዳፍሽ ላይ ብታስቀምጪ ነው። ያ ነው የሁለቱ ሰዎች መሳሳብ። በ2 ሜትር ደግሞ የዚያችው ቁራጭ ሩብ!

የእናንተ ሁለት ማግኔቶችም በክብደታቸው ይሳሳባሉ። እያንዳንዳቸው 3 ግራም ይሆናሉ። በ2 ሴንቲ ሜትር ላይ ማግኔትነታቸው ከስበታቸው ወደ 300 ቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል።

ዝናቡ

ሄለን፣ ታዲያ ይህን የጤፍ ቁራጭ ማን ለካው? ወረቀት ላይ ነው እንጂ።

መምህር በጡረታ

ተለክቷል፣ ዝናቡ። ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል እንግሊዛዊ በ1798። ሁለት ትናንሽ የእርሳስ ኳሶችን በረጅም እንጨት ጫፍና ጫፍ አድርጎ በቀጭን ሽቦ አንጠለጠለ። አጠገባቸው እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ የሚመዝኑ ትልልቅ የእርሳስ ኳሶች አመጣ። እንጨቱ ቅንጣት ታህል ዞረ። የሰው ትንፋሽና ሙቀት እንዳይረብሸው ክፍሉን ዘግቶ ከውጭ በግድግዳ ቀዳዳ በቴሌስኮፕ ነበር የሚያየው። ማግኔት እንዳይሆንበትም መርምሯል። አየህ፣ የሱም ስጋት ማግኔት ነበር።

እውነት ፈላጊ

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። በጤፍ ቁራጭ ጉልበት ጨረቃ ትያዛለች? ፕላኔቶችን የያዘው መግነጢስ ነው የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። ደግሞ ትንሽ ከፍ ካልክ ስበት የለም፤ ጠፈርተኞቹ ሲንሳፈፉ እያየን!

መምህር በጡረታ

አትፈር ወዳጄ፣ ጓደኛ አለህ። ኬፕለር ራሱ በ1609 አካባቢ ፀሐይ ፕላኔቶችን የምትነዳው መግነጢስን በመሰለ ኃይል ነው ብሎ አስቦ ነበር። የፕላኔቶችን መንገድ በትክክል ያወቀው እሱ ነው፤ ነጂውን ግን ሳተው።

ኒውተን ጨረቃን እንዴት እንደፈተናት ልንገርህ። ጨረቃ ከመሬት መሐል ያላት ርቀት የመሬትን ግማሽ ስፋት 60 ጊዜ ያህል ነው። 60 በ60፣ 3,600። እዚህ መሬት ላይ የወደቀ ድንጋይ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር ይጨምራል። ለ3,600 ስታካፍለው 0.0027 ይመጣል። አሁን ስበትን እርሳውና የጨረቃን ዙረት ብቻ ውሰድ። 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ በ27.3 ቀን ትዞረናለች። እንዲህ ለመታጠፍ ወደ እኛ የመውደቅ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በስንት ሜትር መጨመር አለበት ብለህ አስላ። 0.0027። በቪዲዮ አይደለም፣ ራስህ በእርሳስ ማስላት ትችላለህ።

ካቻቢቴ

@እውነት ፈላጊ፣ ጠፈርተኞቹ ያሉት 400 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ እንኳን በመኪና ከዚያ ይበልጣል። ርቀት የሚቆጠረው ከመሬት መሐል ነው፤ መሐሉ ደግሞ ከእግራችን ሥር 6,370 ኪሎ ሜትር ነው። 6,370 ላይ 400 ብትጨምር ምን ያህል ራቅክ? ስበቱ እዚያ ወደ 89 ከመቶ ነው። የሚንሳፈፉት ከነቤታቸው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው፤ ወደ ጎን ስለሚሮጡ ግን መሬትን ይስቷታል።

አሁን የኔን ሙያ ላምጣ። ጣራህ ላይ ያለው ዲሽ የሚያየው ሳተላይት 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከመሐል ሲቆጠር 42,000 ገደማ፤ 6.6 እጥፍ መሆኑ ነው። ካሬ ስታደርገው 44። ስለዚህ እዚያ የመሬት ስበት ወደ 1 ለ44 ወርዷል፤ ሳተላይቱን ግን አሁንም ይዞታል። የመሬት መግነጢስስ? መምህር እንዳሉት ጥንድ ስለሆነ በኩብ ነው፤ 6.6 በ6.6 በ6.6። 1 ለ287! መምህር፣ ልክ ነኝ?

መምህር በጡረታ

ልክ ነህ። ከፀሐይ የሚነፍሰው ቅንጣት እዚያ ከፍታ ላይ ስለሚገፋው ቁጥሩ ይዋዥቃል እንጂ ሒሳቡ ልክ ነው። ዲሽ ሰቃይ ብቻ እንዳልሆንክ ጠርጥሬ ነበር።

ሄለን

ካቻቢቴ 💚 መግነጢሱ ከስንት ተነስቶ እንደሚወርድ ላክልበት። አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ ኖሯል። አዲስ አበባ ላይ 36,000 ናኖቴስላ (የመግነጢስ ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ አንዲት የፍሪጅ ማግኔት ፊቷ ላይ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ አላት። እኛ ደግሞ ለመግነጢሳዊው ወገብ በጣም ቅርብ ስለሆንን የምድር መግነጢስ እዚህ ወደ መሬት አያዘነብልም፤ ጋደም ብሎ ነው የሚያልፈው።

ሀያት ከኩዌት

ሰላም ለሁላችሁም። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ የምሠራበት ቤት ባሕሩ ዳር ነው። ጠዋት ልጆቹን ይዤ ስወጣ ውኃው እስከ ግንቡ ይሞላል፤ ከሰዓት በኋላ ሸሽቶ ጭቃው ይታያል፣ ወፎቹ ይለቅሙበታል። ጨረቃ ናት የምትስበው ይላሉ። ግን ፀሐይ ከጨረቃ እጅግ ትልቅ አይደለችም እንዴ? ለምን የፀሐይ አይሆንም? ሞኝ ጥያቄ ከሆነ ይቅርታ።

መምህር በጡረታ

ሀያት እኅቴ፣ እስካሁን ከተጠየቀው ሁሉ የተሻለው ያንቺ ነው።

ፀሐይ መሬትን የምትስበው ከጨረቃ ወደ 180 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ነው። ግን ባሕር የሚሞላውና የሚጎድለው በመሳቡ ብዛት አይደለም። ፀሐይ መሬትንም ውኃውንም አንቺንም እኩል ብትስብ ሁላችንም አብረን እንሄዳለን፤ ውኃው ከማን ይሸሻል? ባሕሩን የሚያንቀሳቅሰው ልዩነቱ ነው። ወደ ጨረቃ የዞረው የመሬት ጎን ትንሽ ይበልጥ ይሳባል፤ ጀርባዋ ያለው ትንሽ ያንስ። በዚህ ልዩነት መሬት በጨረቃ አቅጣጫ ትለጠጣለች። ስለዚህ ነው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሙላት የምታዪው።

አሁን የሳምሪን ማግኔት አስታውሺ። ቅርቡ ሲቀነስ ሩቁ። ያው የ10 እና የ11 ስሌት ነው! ልዩነት እንደ ካሬ አይደለም የሚወርደው፤ እንደ ኩብ ነው። ፀሐይ ከጨረቃ 390 ጊዜ ያህል ትርቃለች፤ ያ ርቀት አንድ ተጨማሪ ጊዜ ያካፍላታል። 180 ለ390፣ ግማሽ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ በባሕሩ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ታሸንፋታለች። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲሆኑ፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ፣ ይተጋገዛሉ። በነዚያ ቀናት ውኃው ከሌላው ጊዜ ራቅ ብሎ እንደሚሸሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሀያት ከኩዌት

አዎ! በጨረቃ ሙሉ ቀን ግንቡን አልፎ ይረጫል። እመቤቲቱ ያን ቀን ልጆቹን አታውጪ ትለኛለች። እግዜር ይስጥልኝ መምህር።

እውነት ፈላጊ

የጨረቃውን ስሌት ሠራሁት። 0.00272 መጣልኝ። ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ፤ አትሳቁ።

ዝናቡ

ዳሸን ላይ ብወጣስ እቀላለሁ?

ሄለን

ርቀቱ ብቻ ቢቆጠር 70 ኪሎ ሰው ከባሕር ወለል ይልቅ እዚያ 100 ግራም ገደማ ይቀልለዋል። ግን ተራራው ራሱ ከሥርህ ሆኖ "ና" ስለሚል ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ስትወጣ በላብ የምታጣው ይበልጣል።

መምህር በጡረታ

የሳምሪ አባት፣ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አድርጉ። ኩሎም በትናንሽ ማግኔቶች አልሠራም። ረጃጅም ነበር የተጠቀመው። ማግኔቱ ሲረዝም "ሂድ" ባዩ ዋልታ ሩቅ ይሄድና ድምፁ አይሰማም፤ ነጠላ ዋልታ ያገኘህ ያህል ነው። አሥራ ሁለት ማግኔት አለን ብለሃል። ስድስት ስድስት አድርገህ ደርድራቸው። ስድስቱ አንድ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ይሆናሉ። ርቀቱን አሁን ከመሐል ሳይሆን ከፊት እስከ ፊት ለካው። የድሮ ሩብህ ይመለስልሃል ብዬ አላምንም፤ 3 ሴንቲ ሜትር አጭር ነው። ግን ከአሥራ ስድስተኛ ወደ ሩብ ሲጠጋ ማየት አለብህ።

የሳምሪ አባት

ሠርተን ጨረስን። ሳምሪ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልላ ስድስት ስድስቱን ማግኔት ውስጡ ከተተቻቸው፤ ያለዚያ የታችኛው ዘንግ እየተገለበጠ አስቸገረን። አንድ ጊዜ ዘንጎቹ አምልጠው ሲጋጩ አውራ ጣቴን ቆነጠጡኝ፤ ካቻቢቴ፣ ከልጁ በፊት አባትየውን ማስጠንቀቅ ነበረብህ።

በ2 ሴንቲ ሜትር 93 ግራም። በ4 ሴንቲ ሜትር 16 ግራም።

93 ለ16፣ 5.8 መጣ። ሩብም አይደለም፣ አሥራ ስድስተኛም አይደለም፤ መሐል መንገድ ላይ ነው። ሳምሪ ግራፍ ወረቀት ላይ ሁለቱንም መስመር በተለያየ እስክሪብቶ ሥላ ጨርሳለች። አሁን ዘንጉን 10 ሴንቲ ሜትር አድርገን እንየው እያለች ነው። አሰላሁት፤ ሌላ 28 ማግኔት ያስፈልጋል። ከየት እንደምገዛ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ካቻቢቴ

አትግዛ። 30 አለኝ፣ ለልጅቷ አውሳታለሁ። ብሎን መልቀሚያዬን ብቻ አትንኩብኝ።